የታጠበ ዝገት

በ1971 ዓ.ም. አባቴ ጂንካ እስር ቤት ውስጥ መኪና ይሠራ ነበር። ርዝመቷ ከክንዴ የማይበልጥ የቆርቆሮ መኪና ናት፤ አፍንጫዋ የተጨፈለቀ፣ አንድ ጎኗ የተቦደሰ፣ ከላይ እስከ ታች የዛገች። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መኪናዋ የእኔ መጫወቻ መስላኝ ነበርና ተናደድኩ። ሰው ለልጁ መጫወቻ ሲሠራ እንዴት የተሰበረ ይሠራል?

ዛሬ የዕድሜዬን እኩሌታ የመኪና አደጋ ወረቀት ስጽፍና ስፋይል የጨረስኩ ሴት ነኝ። የተጋጨ መኪና ፎቶግራፍ ቢያመጡልኝ ምሳዬን ሳላቋርጥ አየዋለሁ። የዚያችን የቆርቆሮ መኪና ነገርም እንደ አንድ ፋይል ከላይ ወደ ታች ልናገር እሞክራለሁ። ካልሆነልኝ ይቅር በሉኝ።

አባቴ ወልደሰማያት የመሥሪያ ቤት ጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በጥቅምት ወር፣ ከቀይ አፈር ወደ ወይጦ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ገደል ገባ። አባቴ ጎድኑ ተሰብሮ ተረፈ። ረዳቱ ኤርጎ ሞተ። ኤርጎ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው የአሪ አገር ልጅ ነበር፤ በደጃችን ሲያልፉ ከጭነቱ ላይ ሆኖ "ጤናዬ!" እያለ ሸንኮራ ይወረውርልኛል። አባቴ ለፖሊስ የሰጠው ቃል አጭር ነው። "መሪው እምቢ አለኝ። ዘንጉ ተሰብሮ ነው። ወጥቼ ሳየው ስብራቱ የዛገ ነበር።"

ዘንግ የሚለው መሪውን ከፊት ጎማዎች ጋር የሚያያይዘውን ብረት ነው። ፖሊስ ገደሉ የወረደው ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ዘንጉ የለም። በዚያ አገር ብረት ወድቆ አያድርም፤ ወይ ቢላዋ ይሆናል ወይ አምባር። እንግዲህ የቀረው የአባቴ ቃል ብቻ ነበር። ዳኛው ደግሞ ከደጋ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። "ዘንግ ዘንግ ትሉኛላችሁ፤ እኔ የማውቀው የበቅሎ ልጓም ነው። አሳዩኝ!" አሉ። አባቴም "ሠርቼ ላሳይ" ብሎ አስፈቀደ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት አድጌ ነው። ያኔ የማውቀው ማሰሮ የሰበረ ልጅ እንደሚገረፍ፣ መኪና የሰበረ ሰው እንደሚታሰር ብቻ ነበር።

ምሳ የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ዘበኛው ጋሽ ወንድሙ እንጀራውን በእንጨት ወጋ ወጋ አድርጎ ይፈትሽና "ግቢ፣ የሾፌሩ ልጅ" ይለኛል። እስረኞቹ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጠው ቆብ ይሠራሉ፣ በርጩማ ይጠርባሉ፣ ይጨቃጨቃሉ። አባቴ ፈንጠር ብሎ፣ የዱቄት ወተትና የሰርዲን ቆርቆሮ እየቀደደ መኪናውን ይሠራል። ጎማዎቹ ካረጀ ሸበጥ የተቆረጡ ናቸው። መብራቶቹ የለስላሳ ጠርሙስ ክዳኖች ነበሩ፤ አንደኛውን ሆን ብሎ አጎደለው።

"አባዬ፣ ለምን በመዶሻ አትመታትም? ቶሎ ትጎደጉድልሃለች" አልኩት አንድ ቀን።

"የተመታና የተጋጨ አንድ መሰለሽ?" አለ። "የተመታ በየቦታው ይጎደጉዳል። የተጋጨ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይተኛል፤ ነፋስ የጣለውን በቆሎ አላየሽም?" ቆርቆሮውን ፍም ላይ አለሰለሰና፣ ሲበርድ ድንጋይ አስደግፎ በመዳፉ ቀስ፣ ቀስ አድርጎ ገፋው። አፍንጫዋ እየተጨማደደ ገባ። ቀስ ብሎ የተገፋ ቆርቆሮ በፍጥነት የተጋጨ እንደሚመስል ያወቅሁት የዚያን ዕለት ነው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አላጋጠመኝም።

ከዚያ ሎሚ ታዘዝኩ። "ነገ አራት ሎሚ አምጪልኝ። እፍኝ ጨውም ጨምሪበት።" ጉሮሮውን ያመመው መስሎኝ ምርጥ ምርጡን መርጬ ወሰድኩለት። እሱ መኪናዋን በአሸዋ እየፈተገ ጠበቀኝ።

"ቆርቆሮ ዝም ብሎ አይዝግም። ሸሚዝ ለብሷል፤ መጀመሪያ ሸሚዙን ማውለቅ ነው" አለና ሎሚዎቹን ገምሶ መኪናዋ ላይ ጨመቃቸው። ጨው ነሰነሰባት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለላት። ጉድ! ሰው ለመኪና ሎሚ ያጠጣል? በማግስቱ ስመጣ ብርቱካንማ ሆናለች፤ በሦስተኛው ቀን ጠቆረች፤ በሳምንቱ የአባቴን አባት ዕድሜ የምታክል መሰለች።

ዘንጉን የሠራው ከወፍራም ምስማር ነው። ከአራት ሦስት እጁን በሞረድ በላው፤ የቀረውን ቀጭ አድርጎ ሰበረው። ስብራቱን ከመኪናዋ ሁሉ የበለጠ ደከመበት። በዶሮ ላባ ጫፍ የሎሚ ውሃ እየነካ፣ እፍ እያለ፣ ወደ ፀሐይ እያዞረ፣ ሦስት እጁን አዛገው። አንድ እጁን እንደሚያበራ ተወው።

"ይቺስ ለምን ቀረች?"

"ይቺ መጨረሻ ላይ የተሰበረችው ናት" አለኝ።

አሁን ላስረዳ። ብረት አንድ ጊዜ ቀጭ ካለ ስብራቱ ሙሉ ያበራል። ስንጥቁ ወራት የቆየ ከሆነ ግን ውሃ ገብቶበት የቆየው ይዝጋል፤ መጨረሻ ላይ የለቀቀው ብቻ ያበራል። እንዲያ ከሆነ ጥፋቱ ከሾፌሩ ይነሳና፣ መኪናውን ፈትሾ "ደህና ነው" ብሎ ወደ ፈረመው መካኒክ ይሄዳል።

መካኒኩ ጋሽ ኸይሩ ነበር። ከእኛ ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነው። ልጁ መኪያ ትምህርት ቤት ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። በዚያ ሰሞን መኪያ ከእኔ ርቃ መቀመጥ ጀመረች፤ እኔም መኪና እየተሠራልኝ መሆኑን ሰምታ ቀንታ ነው ብዬ ተኮፈስኩባት።

አንድ እሑድ እናቴ አመለወርቅ አብራኝ እስር ቤት መጣች። ማንጎው ሥር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተጣሉ።

"ራህመት ይቺን ልጅ ስወልድ አርባ ቀን ያረሰችኝ ሴት ናት" አለች እናቴ። ራህመት የጋሽ ኸይሩ ሚስት ናት። "ነገ ፊቷን በምን ዓይኔ አያለሁ?"

"የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ አመለ። ኸይሩን ቢከፋ ከሥራ ያስወጡታል። እኔን የያዘኝ ግን ነፍስ ነው።"

"ማን ነው ቢከፋ ከሥራ ነው ያለህ? እሱስ ልጅ የለውም?"

"ይቺ መኪና ናት የምታስፈታኝ፤ ሌላ መንገድ የለኝም። ዳኛው ይያት ብቻ፣ እፈታለሁ።"

እኔ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ነው። መኪናዋ የእኔ አይደለችም፤ የዳኛው እጅ መንሻ ናት! ትንሽ አለቀስኩ፤ ከዚያ ግን አባቴ ይፈታል ማለት ነው ብዬ ተጽናናሁ። ደግሞ ጭንቅ ያዘኝ። ትልቅ ሰው ዘንድ ሲኬድ በግ ቢሆን የሰባ፣ ማር ቢሆን ነጭ ይመረጣል። እንዴት ያለ ሰው ነው ለዳኛ ዝገት የሚያቀርበው? ዳኛው ባይወዷትስ?

ቀጠሮው ሰኞ ነበር። ቅዳሜ ምሳ ይዤ ስሄድ አባቴ መኪናዋን በከረጢት ጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። "ለእናትሽ ስጫት፤ ሰኞ ይዛት ትምጣ። እንዳትጥያት፣ እሺ?" አለኝ። አትንኪያት አላለኝም። አትጠቢያት ማለት ደግሞ ለማን ትዝ ይለዋል?

እዚህ ላይ የእናቴን ሕግ መናገር አለብኝ። በዚያ ዓመት እስር ቤቱ ውስጥ ተስቦ ገብቶ ሁለት ሰው ገድሏል። ከእስር ቤት የወጣ ዕቃ፣ ምሳ ዕቃም ሆነ ማንኪያ፣ ውጭ በአመድ ሳይፈተግ ደፋችንን አይረግጥም። እስረኛ ያለበት ቤት ሁሉ እንዲሁ ያደርግ ነበር። አንድ ጊዜ ሳልፈትግ ባስገባ የተቆነጠጥኩት ጭኔ ላይ ሳምንት ሙሉ ታይቷል።

እናቴ ገበያ ናት። ደጁ ላይ ተቀመጥኩ፤ አመድ አመጣሁ፣ የነሪ ወንዝ አሸዋ አመጣሁ፣ ቃጫ አድበለበልኩ። ምሳ ዕቃውን ፈተግኩ። ከዚያ መኪናዋን አነሳሁ።

ውሃው እንደ ቀይ አፈር ጎርፍ ሆኖ ወረደ። ጣራዋን ፈተግኩ፣ በሮቿን ፈተግኩ፤ ከሥር ብሩ ብቅ ሲል ደስ አለኝ። አፍንጫዋን በማንኪያ እጀታ ላቃናት ሞክሬ ነበር፤ አባቴ ጥሩ አድርጎ ስለጨፈለቃት እምቢ አለችኝ። ዘንጉን ለመጨረሻ አቆየሁት። አባቴ ይበልጥ የደከመባት እሷ ስለሆነች እኔም ይበልጥ ደከምኩባት። በስንጥር ጫፍ አመድ እየነከርኩ ስብራቱን እስኪያብለጨልጭ ፋቅኩት። በመጨረሻ ሁሉንም በኑግ ዘይት ወለወልኩና በእናቴ ነጭ ሻሽ ጠቀለልኳት። አሥሩም ጣቶቼ ጠቁረው፣ ጥፍሬ ሥር ሳይቀር ዝገት ገብቶ ነበር።

እናቴ ስትመጣ "አባዬ የሰኞዋን ሰጥቶኛል፤ አጥቤ አስገብቻለሁ" አልኳት። ምሳ ዕቃውን ያልኳት መሰላት። ጥቅሉን አየት አድርጋ ቁምሳጥን ላይ አኖረችው። መኪናዋን ማየት አትወድም ነበር፤ አልፈታችውም።

ሰኞ ፍርድ ቤቱ ሞላ። እማማ አስቻለች፣ የኤርጎ እናት፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ኸይሩ በምስክሮች በኩል ነው። ሥርዓት አስከባሪው "ልጅ አይገባም!" ብሎ ስላባረረኝ በመስኮቱ በኩል ቆምኩ። መኪያም እዚያው ቆማ ነበር። ልታረቃት አሰብኩ።

"መኪናዋን እኔ ነኝ ያጠብኳት" አልኳት። "ዛሬ አባቴ ይፈታል።"

መኪያ አፍንጫዋን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ወደ ውስጥ ታያለች።

ዝናብ ጣለ። የጂንካ ዝናብ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ ሰው ጎኑ ያለውን አይሰማም። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ ነው የምናገረው። ዳኛው ሻሹን ፈቱ፤ መኪናዋ ቦግ አለች፤ ሰዉ አንገቱን አሰገገ። ዓቃቤ ሕጉ ዘንጉን በሁለት ጣቱ አንስቶ ወደ አባቴ ዘረጋና አንድ ነገር ጠየቀው። አባቴ ተቀበለው። ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ አገላበጠው። ከዚያ ቀና ብሎ እናቴን አየ፤ እናቴ ምንም እንደማታውቅ ከፊቷ ያስታውቃል። ዙሪያውን ሲፈልግ ሲፈልግ መስኮቱ ላይ እኔን አገኘ።

ያመሰገነኝ መሰለኝ። ሁለት እጆቼን አንስቼ ጥቋቁር ጣቶቼን መስኮቱ ላይ ዘረጋሁለት።

አባቴ እኔን አየ፤ መኪያን አየ፤ እንደገና እኔን አየ። ዘንጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ ዳኛው ዞሮ ጥቂት ነገር ተናገረ፤ አሥር ቃል ቢሆን ነው። እማማ አስቻለች ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። ጋሽ ኸይሩ ፊቱን ጉልበቱ ውስጥ ቀበረ። መኪያ ከጎኔ ተነጥላ ሮጠች።

አራት ዓመት ተፈረደበት። ሲወጡ የሰማሁት "ወልደሰማያት ጥፋቱን ወሰደ" የሚል ብቻ ነው። እኔ በበኩሌ ምክንያቱን አውቄዋለሁ፤ የመኪናዋ ወንበር ሥር ጣቴ ያልደረሰበት ዝገት ቀርቶ ነበር። ዳኛው ያንን አይተው ነው። በደንብ ባጥብ ኖሮ አባቴ ይፈታ ነበር። ከዚያ ወዲያ የቤታችንን ዕቃ ስፈትግ እናቴ "ኧረ ድስቱን ልትበሺው ነው!" እስክትል ድረስ ነበር።

እናቴ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው። እትዬ ራህመት አባቴ በታሰረባቸው አራት ዓመታት በየፋሲካው እግሩ የታሰረ ዶሮ ትልክልን ነበር፤ ሙስሊም ያረደውን ስለማንበላ ራሳችን እንድናርደው ከነሕይወቱ። እኔ አዝናልን መስሎኝ ነበር።

አባቴ ተፈትቶ ዳግመኛ መሪ አልጨበጠም። ነሪ ዳር ጎደሬና በቆሎ መትከል ጀመረ።

በ1983 ዓ.ም. ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ አሁን ያለሁበት ሥራ ገና መቀጠሬ ነው። አንድ ቀን የመርማሪ ሪፖርት እንድገለብጥ ተሰጠኝ። ካንጋተን መንገድ ላይ የተገለበጠ መኪና ነው። "የመሪው ዘንግ ስብራት ሦስት አራተኛው የዛገ፣ ቀሪው የሚያበራ ነው። ስንጥቁ ከአደጋው በፊት የነበረ ስለሆነ ሾፌሩ ከጥፋት ነጻ ነው" ይላል። "ነጻ" የሚለውን ስጽፍ እጄ ቆመ።

ሦስት እጁ የዛገ፣ አንድ እጁ የሚያበራ! ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። አባቴን ነጻ የሚያወጣውን ዝገት በአመድ ፈትጌ፣ በዘይት ወልውዬ፣ በነጭ ሻሽ ጠቅልዬ ለዓቃቤ ሕግ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማስረጃው እጁ ላይ ሲጠፋበት፣ ያልሠራውን ጥፋት ወስዶ አራት ዓመት በላ። እንዲህ ነው የገባኝ። ሦስት ሳምንት እህል አልቀመስ አለኝ። በአራተኛው አንድ ከሰዓት በኋላ ነሪ ዳር ወረድኩ።

አባቴ ጎደሬውን እየኮተኮተ ነበር።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ ያሳሰርኩህ" አልኩት፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም።

"ደግሞ ምን መጣብሽ?"

"ዝገቱን ያጠብኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ እንጂ። እጅሽን በመስኮት አሳይተሽኝ የለ እንዴ?"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም? ዝጎ ነበር፣ ልጄ ሳታውቅ አጥባው ነው ብትላቸው..."

መኮትኮቻውን ጣለና መደቡ ላይ ተቀመጠ። ጎኑን፣ ያንን የተሰበረውን፣ በመዳፉ ያዘ።

"ጤናዬ፣ ዘንጉ አልዛገም" አለ።

አጠገቡ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

"አዲስ ዘንግ ነበር። ኸይሩ በዚያው ወር ነው የቀየረው፤ ቁልፍ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ስንጥቅም አልነበረው፣ አልተሰበረምም። እንቅልፍ ወሰደኝ። ቀይ አፈር ላይ ኤርጎ 'ጋሼ፣ እዚህ እንደር፣ ዓይንህ ቀልቷል' ብሎኝ ነበር። እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ።"

የነሪ ውሃ ይሰማል።

"እና ያ ሁሉ..."

"ያ ሁሉ ኸይሩን ከትቼ ልወጣ ነው። ሰኞ ጠዋት ቆርጬ ነው የገባሁት። ዓቃቤ ሕጉ 'ራስህ በሠራኸው ላይ ዝገቱ የታለ?' ሲለኝ 'ልጄ አጥባው ነው' ልል አፌን ከፍቻለሁ። እንዲያ ካልኩ አንቺን አስገብተው ሊጠይቁሽ ነው፤ ዝገት ነበረው ወይ ሲሉሽ አዎ ትያለሽ፤ እውነትሽን ነው። የእኔን ውሸት አንቺ በእውነት ልትመሰክሪልኝ! ቀና ስል ጣቶችሽን አየሁ። ከጎንሽ የኸይሩ ልጅ ቆማለች። ሁለታችሁም እኔን ታያላችሁ። ከዚያ አልቻልኩም።"

ለመጀመሪያ ጊዜ በዕድሜዬ አባቴ ላይ ተናደድኩ። ስለ ኤርጎ ተናደድኩ፤ ስለ መኪያ ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ምን ልዋሽ፣ ሦስት ሳምንት ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ሲነሳልኝ ቀለለኝ።

"እንግዲያስ እኔ አይደለሁማ ያሳሰርኩህ" አልኩት እያለቀስኩ።

አባቴ መኮትኮቻውን አነሳ።

"አንቺ ነሽ እንጂ፤ ማን ሆነና?" አለኝ። "እግዜር ይስጥልኝ።"